ሉድቪግ ጉትማን፡ ሐኪሞች ተስፋ የቆረጡባቸውን ሕሙማን ከደም መመረዝና ከመኝታ ቁስል ያዳኑት የፓራሊምፒክ አባት

ሰር ሉድቪግ ጉትማን በዓለም ዘንድ የሚታወቁት የፓራሊምፒክ ውድድር መሥራች በመሆናቸው ነው። ስማቸው ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰው በተሽከርካሪ ወንበር የሚወዳደሩ አትሌቶች፣ ሜዳሊያና በተመልካች የተሞላ ስታዲየም ነው።

ይሁን እንጂ ጀርመን ውስጥ የተወለዱት እኚህ የነርቭ ሐኪም የመጀመሪያ ድላቸውን ያገኙት በስታዲየም አልነበረም። ያገኙት በጦርነት ዘመን ለአስቸኳይ ጊዜ በተሠራ የእንግሊዝ ሆስፒታል፣ በሌሊት፣ በትራስ፣ በንጹሕ ውሃና ሽንት በሚያስወግድ ቀጭን ቱቦ ነበር።

ከእሳቸው በፊት አከርካሪው ተሰብሮ ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሞተው በስብራቱ አልነበረም። የሚገድለው ከፊኛው መውጣት ያቃተው ሽንት፣ ከዚያ የሚነሳው ኢንፌክሽን እና በጀርባውና በዳሌው ላይ የሚከፈተው ቁስል ነበር። የሕመምተኛን ሽንት፣ ሰገራና ቆዳ መንከባከብ በብዙ ሐኪሞች ዓይን ከሕክምና በታች ያለ ተራ የማስታመም ሥራ ተደርጎ ይታይ ነበር። ጉትማን ይህን ሥራ ከዳር አንስተው የሕክምናው እምብርት አደረጉት።

ስቶክ ማንደቪል የተባለው ይህ ሆስፒታል ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። የሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ማራቶን ባለድሉ አበበ ቢቂላ፣ እአአ በ1969 በመኪና አደጋ ከተጎዳ በኋላ ለወራት የታከመው እዚያ ነው።

የሕክምና ማስታወሻ ያልተገባው ወጣት

ጉትማን እአአ ሐምሌ 3/1899 በላይኛው ሳይሊዥያ፣ ቶስት በምትባል አነስተኛ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። ያኔ የጀርመን የነበረችው ከተማ ዛሬ ቶሼክ ተብላ በፖላንድ ትገኛለች። ልጅነታቸውን ያሳለፉት ግን የድንጋይ ከሰል ማውጫዎች በሞሉባት በኮኒግስሁተ ከተማ ነበር።

እአአ በ1917፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያበቃ፣ ወጣቱ ጉትማን በከተማዋ የአደጋ ሆስፒታል በበጎ ፈቃደኛ አስታማሚነት ያገለግሉ ነበር። አንድ ቀን ጀርባው የተሰበረ ወጣት የማዕድን ቆፋሪ መጣ። ሰውነቱ የጠነከረ፣ ገና ብዙ ዕድሜ የሚጠብቀው ሰው ነበር።

ጉትማን እንደ ደንቡ የሕመምተኛውን ሁኔታ መመዝገብ ሲጀምሩ፣ በሳምንታት ውስጥ ለሚሞት ሰው መድከም እንደማያስፈልጋቸው ተነገራቸው። ወጣቱ በመጋረጃ ተከልሎ ለብቻው ተኛ። ከአምስት ሳምንታት በኋላም እንደተባለው ሞተ። የገደለው ከፊኛው ኢንፌክሽንና ከመኝታ ቁስሉ የተነሳው የደም መመረዝ ነበር።

ጉትማን በኋለኛው ዘመናቸው ይህን ወጣት ደጋግመው ያነሱት ነበር። ወጣቱን ለሞት ያበቃው ጉዳቱ ብቻ ሳይሆን፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሟች ተብሎ መቆጠሩም እንደነበር ቆይቶ ገባቸው። ያን ጊዜ ግን ገና የ18 ዓመት ልጅ ነበሩ።

ከብሬስላው እስከ ኦክስፎርድ

ሕክምና የተማሩት በብሬስላው፣ ከዚያም በፍራይቡርግ ሲሆን፣ እአአ በ1924 የዶክትሬት ማዕረጋቸውን አገኙ። ብዙም ሳይቆዩ በዘመኑ በአውሮፓ ስመ ጥር ከነበሩት የነርቭ ሐኪሞች አንዱ በሆኑት በኦትፍሪድ ፎርስተር ሥር ገቡ። ፎርስተር ለሥራ ጥብቅ፣ ለረዳቶቻቸው ዕረፍት የማይሰጡ ሰው ነበሩ። ይህ ባሕርይ በኋላ በራሳቸው በጉትማን ላይም ታይቷል።

ናዚዎች እአአ በ1933 ሥልጣን ሲይዙ አይሁዳውያን ሐኪሞች ከመንግሥት ሆስፒታሎች ተባረሩ። ጉትማንም ከፎርስተር ክፍል ወጥተው የብሬስላው የአይሁዳውያን ሆስፒታል የነርቭ ሐኪም፣ እአአ ከ1937 ጀምሮ ደግሞ የሆስፒታሉ የሕክምና ዳይሬክተር ሆኑ።

እአአ ኅዳር 9/1938 ሌሊት ምኩራቦች ሲቃጠሉና አይሁዳውያን ከየቤታቸው ሲታፈሱ፣ ጉትማን ወደ ሆስፒታሉ የሚመጣ ማንኛውም ወንድ ምንም ሳይጠየቅ እንዲተኛ አዘዙ። እስኪነጋ 64 ሰዎች አልጋ ያዙ። በማግስቱ የናዚ መኮንኖች ይህን ሁሉ ሕመምተኛ በአንድ ሌሊት ያመጣው ምን እንደሆነ ሊመረምሩ መጡ።

ጉትማን ከመኮንኖቹ ጋር ከአልጋ ወደ አልጋ እየዞሩ ለእያንዳንዱ ሰው በሽታ ፈጠሩለት። መኮንኖቹ ሳያዩ ፊታቸውን እያጨማደዱ ለተኙት ምልክት ይሰጡ ነበር፤ የተኙትም ምልክቱን እያዩ እንደታመመ ሰው ይሆኑ ነበር። ከ64ቱ 60ዎቹ በዚያ ዘዴ ከመታፈስ ዳኑ።

ከዚህ በኋላ በጀርመን መቆየት የሚቻል አልነበረም። የመውጫው ቀዳዳ የተገኘው ባልተጠበቀ መንገድ ነው። የናዚ መንግሥት የፖርቱጋሉ መሪ የሳላዛር ወዳጅ የሆነን ሰው እንዲያክሙ ጉትማንን ወደ ሊዝበን ላካቸው፤ ሲመለሱ በለንደን በኩል በማለፋቸውም ስደተኛ ምሁራንን ከሚረዳ የእንግሊዝ ማኅበር ጋር ተገናኙ። እአአ መጋቢት 1939 ከባለቤታቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር እንግሊዝ ገቡ።

በኦክስፎርድ የምርምር ሥራ ተሰጣቸው። ለስደተኛ ትልቅ ዕድል ነበር፤ ለጉትማን ግን ሕመምተኛ የሌለበት ሥራ እንደ እስር ሆነባቸው።

ማንም ያልፈለገው ሥራ

እአአ በ1943 የእንግሊዝ መንግሥት ለአንድ ትልቅ ዘመቻ እየተዘጋጀ ነበር። የሕብረቱ ጦር ወደ ፈረንሳይ ሲሻገር በአከርካሪያቸው ላይ የተመቱ ብዙ ወታደሮች እንደሚመጡ ይታወቅ ነበር። የሚታወቀው ሌላው ነገር ደግሞ ተስፋ የሚሰጥ አልነበረም፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ህብለ ሰረሰራቸው ከተጎዳ ወታደሮች ከአሥር ስምንቱ ገደማ በሳምንታት ውስጥ ሞተው ነበር።

ለእነዚህ ቁስለኞች በአይልስበሪ አቅራቢያ በሚገኘው ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ልዩ ክፍል እንዲከፈት ሲወሰን ጉትማን እንዲመሩት ተጠየቁ። የሥራ ባልደረቦቻቸው አንድ የተከበረ የነርቭ ተመራማሪ እንዲህ ባለ ተስፋ የሌለው ሥራ ለምን ራሱን እንደሚቀብር አልገባቸውም። ጉትማን ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ማንም ጣልቃ ሳይገባባቸው በራሳቸው መንገድ እንዲሠሩ። ተፈቀደላቸው።

ክፍሉ እአአ የካቲት 1/1944 በ26 አልጋዎችና በአንድ ሕመምተኛ ሥራ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ የሚመጡት ብዙዎቹ ከወገባቸው ጀምሮ በጀሶ ታሽገው ነበር የሚመጡት። ጀሶው ስብራቱን እንዲይዝ ታስቦ የተደረገ ቢሆንም፣ ሕመም በማይሰማው ቆዳ ላይ ለሳምንታት ሲቆይ ሥጋውን ይበላው ነበር። ሲከፈት አጥንት የሚያሳይ ቁስል ይወጣል። አልጋው በሽንት ይርሳል፤ ከታችኛው ጀርባ ያለው ቁስልም በሰገራ ይበከላል። ክፍሉ ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ ሰውን የሚቀበለው ሽታው ነበር።

ይህን ሁኔታ የጦርነቱ ጉዳት ብቻ አድርጎ መውሰድ ይቀል ነበር። ጉትማን ግን አብዛኛው ሊቀር ይችል እንደነበር ያምኑ ነበር፤ በተለይ ይህ እምነታቸው ነው ከዘመናቸው ሐኪሞች የለያቸው።

በየሁለት ሰዓቱ

የመጀመሪያው ትእዛዛቸው ጀሶው እንዲነሳ ነበር። ሁለተኛው እያንዳንዱ ሕመምተኛ ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጥ ነበር።

ጤነኛ ሰው ተኝቶም ቢሆን ይገላበጣል፤ ጎኑ ሲደነዝዝ ሳያውቀው ይዞራል። ህብለ ሰረሰሩ የተቋረጠ ሰው ግን የሚያነቃው ሕመም የለም። የሰውነቱ ክብደት ያረፈበት ቆዳ ደም ሳያገኝ ቆይቶ ይሞታል። ስለዚህ ሕመምተኛው ራሱ ማድረግ ያልቻለውን ነርሶችና አስታማሚዎች ያደርጉለት ነበር። የተሰበረው አከርካሪ ሳይጣመም ሰውን ማዞር ግን የብዙ ሰው እጅ ይጠይቃል። ሰውነቱን በትራስ መደገፍ፣ ቆዳውን በእያንዳንዱ ዙር መመርመር፣ ማጠብና ማድረቅም የዚሁ ሥራ አካል ነበር።

በጦርነቱ ወቅት ነርስ እንደልብ አይገኝም። ከተመደቡት ውስጥም ይሞታል የተባለን ሰው ሌሊቱን ሙሉ ማገላበጥ ትርጉም ያልታያቸው ነበሩ። ጉትማን እኩለ ሌሊት ላይ ድንገት እየመጡ ትእዛዛቸው መፈጸሙን በዓይናቸው ያረጋግጡ ነበር። ያልተፈጸመ እንደሆነ ቁጣቸው ከባድ ነበር። ሕመምተኞቻቸው ግን በፍቅር አባባ እንደማለት ፖፓ ይሏቸው ነበር።

የፊኛው ጉዳይ

ቁስሉ ከዳነም በኋላ የሚቀረው ጠላት ከሁሉም የከፋው ነበር።

ኩላሊት ቀን ከሌት ሽንት ያመነጫል። በጤነኛ ሰው ፊኛ ሲሞላ መልእክቱ በህብለ ሰረሰር በኩል ወደ አንጎል ይሄዳል፤ አንጎልም ጊዜውና ቦታው ሲፈቅድ እንዲፈስ ያዛል። ህብለ ሰረሰሩ ሲጎዳ ይህ መንገድ ይቋረጣል። ከጉዳቱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ፊኛው እንደዛለ ከረጢት ይሆናል፤ ይሞላል፣ ይለጠጣል፣ ከሞላ በኋላ ጥቂት ጥቂት ይንጠባጠባል። ሲንጠባጠብ ያየ ሰው ሕመምተኛው ሽንት እየሸና ይመስለዋል። ውስጥ የቀረው ሽንት ግን ጀርም ያፈራል፣ ጠጠር ይፈጥራል፣ ወደ ኋላም ገፍቶ ኩላሊትን ያበላሻል።

በጦር ሜዳ የተለመደው መፍትሔ ከእምብርት በታች ሆድን ቀዶ በፊኛው ውስጥ ቋሚ ቱቦ መትከል ነበር። ካልሆነም በሽንት መውጫ በኩል ካቴተር አስገብቶ እዚያው መተው። በሁለቱም መንገድ ሽንቱ ይወጣል። ነገር ግን በሰውነት ውስጥ የሚቆይ ቱቦ ለጀርም መሰላል ነው፤ ፊኛውም ሳይሞላና ሳይጎድል ስለሚቆይ ቀስ በቀስ ይኮማተራል።

ጉትማን ሁለቱንም አልወደዱም። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በክፍላቸው ያጸኑት ሌላ መንገድ ነበር። ካቴተሩ በቀን ውስጥ በተወሰኑ ሰዓታት ይገባል፣ ፊኛውን ባዶ ያደርጋል፣ ወዲያው ይወጣል። ሕመምተኛው የሚጠጣው ይለካል፤ ፊኛው ከመጠን በላይ ሳይለጠጥ በሰዓቱ ይቀዳል።

ደንቡ ጥብቅ ነበር። ወደ ሰውነት የሚገባውን የቱቦ ክፍል የሰው እጅ አይነካውም፤ የሚያዘው በተቀቀለ መቆንጠጫ ነው። ሥራውን የሚሠራው ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍናል፣ ጓንት ያደርጋል፣ አካባቢውን አጽድቶ ንጹሕ ጨርቅ ያነጥፋል። ጉትማን ይህን ሥራ ለሐኪሞች ብቻ ሰጡት። አንድ ሐኪም በሌሊት ተነስቶ ሽንት እንዲቀዳ ማዘዝ በዚያ ዘመን የተለመደ አልነበረም። ትእዛዙ ለክፍሉ ሠራተኞች ሁሉ የሚያስተላልፈው መልእክት ነበረው፤ ይህ ሥራ ከቀዶ ሕክምና አያንስም ማለት ነበር።

እያደር ከብዙዎቹ ሕመምተኞች ፊኛ ውስጥ አንድ ለውጥ ይታይ ጀመር። ከታችኛው ህብለ ሰረሰር በላይ የተጎዱት ሰዎች ፊኛ፣ የአንጎል ትእዛዝ ባይደርሰውም፣ በራሱ መኮማተር ይጀምራል። እነዚህ ሰዎች ከእምብርታቸው በታች ያለውን ሆድ በጣታቸው መታ መታ በማድረግ ፊኛው እንዲፈስ ማነሳሳትን ተማሩ።

ጉትማን እአአ በ1966 ከባልደረባቸው ከሐንስ ፍራንክል ጋር ሆነው በዚህ መንገድ የታከሙ የ476 ሕመምተኞችን ውጤት አሳተሙ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከሆስፒታል የወጡት ጀርም በሌለበት ሽንት ነበር። በ1917 የማዕድን ቆፋሪው በሞተበት በዚያው በሽታ ማለት ነው።

አንጀትና ያልተነገረው ኃፍረት

የሰገራው ጉዳይ በሕክምና ታሪክ መጻሕፍት ብዙም አይነሳም። ሕመምተኞቹ ግን ከመራመድ ይልቅ የሚያሳስባቸው እሱ እንደሆነ ህብለ ሰረሰራቸው የተጎዱ ሰዎችን የሚያስታምም ነርስ ሁሉ ያውቃል።

ከጉዳት በኋላ አንጀት ይዘገያል። ሰገራው ይደርቃል፣ ይጠጥራል፣ መውጫውን ይዘጋል። አንዳንዴ በደረቀው ዙሪያ ቀጭን ፈሳሽ ሾልኮ ይወጣና ተቅማጥ ይመስላል። ልምድ የሌለው አስታማሚ ያኔ የተቅማጥ መድኃኒት ይሰጣል፤ መዘጋቱም ይብሳል።

መፍትሔው የጊዜ ሥርዓት ነው። ምግብ ወደ ጨጓራ ሲገባ አንጀት ይነቃቃል፤ ስለዚህ ከቁርስ በኋላ ያለው ሰዓት ይመረጣል። ሕመምተኛው በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ በዚያው ሰዓት፣ በፊንጢጣ በሚገባ መድኃኒት ወይም በጓንት በተሸፈነ የነርስ ጣት እየተረዳ ይጸዳዳል። አንጀት ቀስ በቀስ ሰዓቱን ይለምዳል። ሰዓቱን የለመደ ሰው ደግሞ ሳይሳቀቅ ከሰው መሃል መቀመጥ፣ አውቶቡስ መሳፈር፣ ሥራ መግባት ይችላል።

ይህን ለምሥራቅ አፍሪካ አንባቢ ማስረዳት ብዙ አያደክምም። እአአ በ1974 አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈተው የፌስቱላ ሆስፒታል ያከማቸው ሴቶች፣ በወሊድ ጉዳት ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ስላቃታቸው ከባልና ከጎረቤት የተለዩ ነበሩ። ምክንያቱ ይለያያል፤ በር የሚያዘጋው ኃፍረት ግን አንድ ነው።

በሞላ ፊኛ የሚመጣ ራስ ምታት

ጉትማን የነርስን ሥራ ወደ ሳይንስ ያሸጋገሩበት አንድ ምርምር በተለይ ሊጠቀስ ይገባል። እአአ በ1947 ከኦክስፎርዱ የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ከዴቪድ ዊተሪጅ ጋር ሆነው፣ ፊኛ ሲወጠር ህብለ ሰረሰሩ በተጎዳ ሰው ሰውነት ላይ ምን እንደሚከሰት አጠኑ።

ጉዳታቸው ከደረት መሃል በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ የደም ግፊት በድንገት ወደ ላይ እንደሚተኮስ አዩ። ሕመምተኛው ፊኛው መሙላቱ አይሰማውም። የሚሰማው ራስን የሚፈልጥ ምታት ነው፤ ፊቱ ይቀላል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ የልብ ምቱ ይቀንሳል። በጊዜ ካልተደረሰለት በአንጎሉ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል።

ይህ ግኝት ለነርሶች ሥራ የሰጠው ትርጉም ቀላል አይደለም። አንገቱ ላይ የተጎዳ ሰው ራሴን አመመኝ ካለ ቀድሞ የሚፈለገው የራስ ምታት ክኒን አይደለም። ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ ቱቦው መታጠፉን ወይም መደፈኑን ማየት፣ ፊኛውን ባዶ ማድረግ፣ ከዚያም አንጀቱ መዘጋቱን መመርመር ይቀድማል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ነርሶች የሚማሩት ቅደም ተከተል ይኸው ነው።

ከአልጋ ወደ ሜዳ

በሕይወት የቀረው ሰው ቀጥሎ ምን ይሁን? ጉትማን ሕመምተኛ ቀኑን ሙሉ ጣሪያ እያየ እንዲውል አልፈቀዱም። ጠዋት ይነሳል፣ ይለብሳል፣ የእንጨት ሥራ ወይም ሰዓት መጠገን ይማራል። ከዚያም ኳስ ይጫወታል።

ስፖርቱ ለመዝናኛ ብቻ አልነበረም። ተኝቶ የሚውል ሰው አጥንቱ ይሳሳል፤ ከአጥንቱ የሚወጣው ካልሲየም በኩላሊቱና በፊኛው ውስጥ ጠጠር ይሆናል። ሲቀመጥና ሲንቀሳቀስ ግን ሽንቱ በቀላሉ ይወርዳል፣ አንጀቱም ይነቃቃል። ቀስት መሳብ ደግሞ የእጅና የጀርባ ጡንቻን ያጠነክራል፤ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ሽንት ቤት ራስን ለማሸጋገር የሚያስፈልገው ጉልበትም ከዚያው ይመጣል።

እአአ ሐምሌ 29/1948፣ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ 14 ወንዶችና ሁለት ሴቶች በሆስፒታሉ መስክ በቀስት ተወዳደሩ። እአአ በ1952 ከኔዘርላንድስ የመጡ ተወዳዳሪዎች ሲቀላቀሉ ውድድሩ ዓለም አቀፍ ሆነ። በ1960 ደግሞ ወደ ሮም ተሻገረ፤ ከ23 አገራት የመጡ 400 ያህል አትሌቶች ተካፈሉበት።

የሮሙ ውድድር እአአ መስከረም 18/1960 ሲከፈት፣ አበበ ቢቂላ በዚያችው ከተማ በባዶ እግሩ ማራቶንን ካሸነፈ ገና ስምንት ቀኑ ነበር። ኢትዮጵያም እአአ በ1968 በቴል አቪቭ በተካሄደው ፓራሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳተፈች።

አበበ በስቶክ ማንደቪል

እአአ መጋቢት 1969 አበበ ሲያሽከረክራት የነበረችው ቮልስዋገን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ሸኖ አካባቢ ተገለበጠች። አንገቱ ላይ ተጎዳ። በቀናት ውስጥ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ ስቶክ ማንደቪል ገባ።

ጉትማን በዚያን ጊዜ የማዕከሉን አመራር ለተተኪያቸው አስረክበው ነበር፤ የውድድሮቹን መሪነት ግን አልተዉም። አበበን የተቀበለው እሳቸው ለ20 ዓመታት ያጸኑት ሥርዓት ነው። በመጀመሪያ እጁን እንኳ ማንቀሳቀስ ያልቻለው ሰው ቀስ በቀስ እጆቹን መልሶ አገኘ። ንግሥት ኤልሳቤጥ ሊጠይቁት መጡ፤ የኢትዮጵያ ጋዜጦችም ስለ ጤንነቱ ይዘግቡ ነበር። በየሁለት ሰዓቱ ስላገላበጡት እጆች ግን የጻፈ የለም ማለት ይቻላል።

እአአ በ1970 አበበ በስቶክ ማንደቪል ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በቀጣዩ ዓመት ኖርዌይ ውስጥ በውሾች በሚጎተት ተንሸራታች ውድድር አሸነፈ። እአአ ጥቅምት 25/1973 በአንጎሉ ውስጥ በፈሰሰ ደም ምክንያት በ41 ዓመቱ አረፈ። አዲስ አበባ በሚገኘው የቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብርም ተቀበረ።

ጥብቅነታቸውና ወሰኑ

ጉትማን እአአ በ1966 የሰርነት ማዕረግ ተቀበሉ። የህብለ ሰረሰር ጉዳት ሐኪሞችን ዓለም አቀፍ ማኅበር መሠረቱ፣ በ1973 ደግሞ የዕድሜ ልክ ልምዳቸውን የያዘ ትልቅ የሕክምና መጽሐፍ አሳተሙ። አብረዋቸው የሠሩ ሰዎች ግትርና ሐሳባቸውን ለመለወጥ የሚቸገሩ እንደነበሩ አይደብቁም። ያለዚያ ግትርነት ክፍሉ ከስድስት ወር በላይ ይቆም ነበር ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

ግትርነታቸው ዋጋ ያስከፈለበት አንድ ቦታ ነበር። ካቴተር የማስገባትን ሥራ ለሐኪም ብቻ መስጠት ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ እንጂ ቤት ውስጥ አይሠራም። እአአ በ1972 አሜሪካዊው የሽንት ቧንቧ ሐኪም ጃክ ላፒደስ ሕመምተኛው ራሱ እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ ንጹሕ በሆነ ነገር ግን ባልተቀቀለ ካቴተር ፊኛውን በየተወሰነ ሰዓት ቢያራግፍ በቂ መሆኑን አሳየ። ዋናው ነገር ፊኛው በሰዓቱ ባዶ መሆኑ ነው የሚለው የላፒደስ መከራከሪያ የጉትማንን መሠረታዊ ሐሳብ አጸና፤ የእጃቸውን ሥርዓት ግን አቀለለው። ቱቦው ከሐኪሙ እጅ ወደ ነርሷ፣ ከነርሷም ወደ ሕመምተኛው ተላለፈ።

ጉትማን እአአ በ1979 መገባደጃ የልብ ሕመም ገጠማቸው። እአአ መጋቢት 18/1980 በ80 ዓመታቸው አረፉ።

ሀብታም በሆኑ አገራት ዛሬ ህብለ ሰረሰራቸው የተጎዱ ሰዎችን በዋናነት የሚገድለው የኩላሊትና የፊኛ በሽታ አይደለም፤ ብዙዎቹ ለአሥርተ ዓመታት ይኖራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ግን ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገራት ዋነኞቹ ገዳዮች አሁንም መከላከል የሚቻሉት ሁለቱ ናቸው፤ የሽንት መስመር ችግርና የመኝታ ቁስል።